ሄድ ነርሷ የት ናት?

አስታማሚ ሆኖ ሆስፒታል የሰነበተ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። በአንድ ኮሪደር ላይ ትይዩ የሆኑ ሁለት ዋርዶች አሉ። ሐኪሞቹ ያው ናቸው፤ መድኃኒት ቤቱ አንድ ነው፤ የነርሶቹም ደመወዝ ልዩነት የለውም። በአንደኛው ግን መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣል፤ ጉሉኮስ ሲያልቅ ማንም ሳይጮኽ ይቀየራል፤ ስለ በሽተኛዎ የጠየቋት ነርስ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ቻርት ሳታገላብጥ ትነግርዎታለች። በሌላኛው "ተረኛዋን ጠይቁ" ሲባባሉ ጊዜው ይሄዳል። ብዙ ሰው ልዩነቱን በነርሶቹ ጠባይ ያመካኛል፤ "እዚያ ደጋጎቹ ደረሱን" ይላል። ጠባይ ድርሻ የለውም አይባልም። ይሁንና ነርሶች በየጊዜው ከዋርድ ዋርድ ይዘዋወራሉ፤ እዚህ ትጉ የነበረችው ነርስ እዚያ ስትሄድ ስትዳከም ትታያለች፤ እዚያ የተዳከመችውም እዚህ መጥታ ስትነቃ ታይታለች። ስለዚህ መታየት ያለበት ሌላ ሰው አለ፤ ዋርዱን የምትመራው ሄድ ነርስ።

በእኛ ሆስፒታሎች የነርሶች የሥራ እርከን ውስብስብ አይደለም። አልጋው አጠገብ ተረኛዋ ነርስ አለች። ከእሷ በላይ የዋርዱ ሄድ ነርስ፣ ከሄድ ነርሶቹ ሁሉ በላይ ደግሞ ማትሮኗ፣ አሁን አሁን በደብዳቤ ላይ የነርሲንግ ዳይሬክተር የምትባለው፣ ትገኛለች። ለአነጋገር እንዲመቸኝ "እሷ" እላለሁ እንጂ በሁለቱም ቦታ የሚሠሩ ወንዶች ብዙ ናቸው። ሄድ ነርሷ የተረኞችን ፕሮግራም ታወጣለች። ጠዋት ከሌሊት ተረኞች ርክክብ ትሰማለች፤ ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ ትዞራለች። አዲስ ነርስ ሲመደብ ሥራ ታሳያለች፤ ጓንት፣ ሲሪንጅና አንሶላ ሲያልቅ ትጠይቃለች፤ የተቆጣ አስታማሚ ታረጋጋለች፤ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ትጽፋለች። ይህን ሁሉ አንድ ቀን አይበቃውም። የትኛውን ይዛ የትኛውን እንደምትተው ግን በአልጋው ላይ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ነርስ ሥራ ሲበዛባት ሁሉንም እኩል አታጓድልም። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ቢያትሪስ ካሊሽ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ጥናት፣ በዋርዶች ውስጥ አዘውትረው የሚቀሩትን ሥራዎች ለይታ አሳይታለች። በሽተኛን አስነስቶ ማራመድ፣ ማገላበጥ፣ በሰዓቱ መመገብ፣ ንጽሕናውን መጠበቅ፣ የገባና የወጣ ፈሳሽ መመዝገብ፣ ማጽናናት፣ ቤቱ ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት ማስረዳት ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። እነዚህን የሚያመሳስላቸው ባይሠሩ በዕለቱ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። መርፌ ቢዘለል ሐኪሙ በራውንድ ይደርስበታል። ደም ሳይቀዳ ቢቀር ውጤቱ የት አለ ይባላል። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ የነበረበት፣ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ግን ዛሬ ምንም አይታይበትም፤ ከቀናት በኋላ መቀመጫው ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል፤ ያኔ ያጓደለው የማን ተራ እንደነበር የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው ጠያቂ ሲኖረው ነው። ሄድ ነርሷ ጠዋት ጠዋት "ሰባት ቁጥር ስንት ጊዜ ተገላበጡ?" ብላ በጠየቀችበት ዋርድ ሰባት ቁጥር ይገላበጣሉ።

በእኛ አገር ነገሩን ትንሽ የሚያወሳስበው ማጠቡም፣ መመገቡም፣ ማገላበጡም በአብዛኛው በአስታማሚ ላይ መውደቁ ነው። የነርሷ ሥራ ወደ ቤተሰብ ሲተላለፍ ኃላፊነቱ ግን አብሮ አልተላለፈም። የስትሮክ ሕመምተኛን ቀና ሳያደርጉ ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባ እንደሚያስገባው የባላገሩ ልጅ በምን ያውቃል? የነቃች ሄድ ነርስ ያለችበት ዋርድ አስታማሚውን በገባበት ቀን ይዞ ያሳየዋል፤ ሌላው ዋርድ ኮሪደር ላይ አትቁም ብሎ ያባርረዋል፤ ከዚያ ደግሞ ሲቸግረው መልሶ ይጠራዋል።

ሌላው የክትትል መፈተኛ ቻርቱ ነው። "ድንገት ሞተ" ከሚባሉት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ድንገት አልሞቱም፤ ሰውነታቸው ከሰዓታት በፊት ምልክት ሲሰጥ ቆይቷል። ቀድመው ከሚለወጡት ምልክቶች አንዱ የአተነፋፈስ ቁጥር ነው። በጣም የሚዘነጋውም እሱ ነው፤ አጠገብ ቆሞ ደረት ሲነሣና ሲወድቅ እያዩ መቁጠር ይጠይቃልና። ስለዚህ በሀብታሞቹም አገሮች ሳይቀር የዋርዱ ሰው ሁሉ ትንፋሽ በደቂቃ 18 ወይም 20 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውስ የሚባል የማስጠንቀቂያ ነጥብ አወጣ፤ የትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የሌሎችም ልኬቶች ነጥብ ተደምሮ፣ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሐኪም ይጠራል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ከግምት የተጻፈ ቁጥር ቢደመር ውጤቱም ግምት ነው። ቻርት ሁሉ መሞላቱን አይታ የምትፈርም ሄድ ነርስ ወረቀት ተከታተለች። ቻርቱን ይዛ ሁለት ሦስት አልጋ ሄዳ ራሷ የምትቆጥርና የተጻፈው ካልገጠመላት ተረኛዋን ጠርታ አብራት የምትቆጥር ደግሞ ሕመምተኛውን ተከታተለች። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ወሬው ግን በዚያው ቀን ዋርዱን ያዳርሳል።

ስለ ፕሮግራም ማውጣትም አንድ ነገር ልበል፤ ከውጭ ለሚያየው ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላልና። የፋሲካን ሌሊት ማን ያድራል? የገናንስ? ዲዩቲ ለወዳጅ ሲመች፣ ለሌላው ሲከብድ ነርሶቹ ለሄድ ነርሷ ያላቸው እምነት እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ስለ እጅ መታጠብ የምትናገረው ሁሉ ጆሮ አያገኝም። ገና የተመረቁትን ሁለቱን አንድ ሌሊት ላይ ማጣመር ደግሞ ከፍትሕም አልፎ አደጋ ነው።

አሁን ለብዙዎች ወደሚገርመው ነገር እንምጣ። ጥሩ አመራር ያለው ዋርድ ስሕተት ያንሰዋል ብሎ የማይገምት የለም። ኤሚ ኤድመንድሰንም እንዲህ ገምታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሃርቫርድ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች፣ በሁለት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ከሚያጠኑ ሐኪሞች ጋር ሠርታለች። የእሷ ድርሻ በስምንት ክፍሎች ውስጥ የነርሶቹን መተባበርና የኃላፊያቸውን አመራር መለካት ነበር። ውጤቱ ተገልብጦ መጣ። አመራራቸው ጥሩ ነው የተባለላቸው ክፍሎች በመዝገብ ላይ ብዙ ስሕተት ነበረባቸው።

ጥሩ ኃላፊ ስሕተት ታበዛለች ማለት ነው? ነገሩን ለማጣራት የትኛው ክፍል ምን ውጤት እንዳገኘ የማያውቅ ተመልካች ወደ ዋርዶቹ ገብቶ ነርሶቹን አነጋገረ፤ አሠራራቸውንም ተመለከተ። ያገኘው ልዩነት ግልጽ ነበር። በአንዳንዶቹ ክፍሎች ነርሶቹ ስሕተት በሥራው ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን፣ ሲፈጠርም ወዲያው ተናግረው ከኃላፊያቸው ጋር ምክንያቱን እንደሚፈልጉ ገለጹ። በሌሎቹ ስሕተት የሠራ ሰው እንደ ተከሳሽ ይቆማል፤ ስለዚህ የሚናገር የለም። ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጽሑፍ የደረሰችበት ማብራሪያ ይህ ነው፤ በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥር የተሠራውን ስሕተት ብቻ አይለካም፤ የተነገረውንም ይለካል፤ መናገርና አለመናገሩን ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው የነርስ ኃላፊዋ አቀባበል ነው።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚለው ተረት ለገበያና ለችሎት ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ዋርድ ውስጥ ግን ሰው ይገድላል። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው የሰጠች ነርስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብትናገር የሚደረግ ነገር አለ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲታወቅ ላይኖር ይችላል። ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያሳሳታት እንደሆነ፣ ዝም ብትል ነገ ሌላዋን ያሳስታል። ብትናገር ጠርሙሶቹ ይለያያሉ። ይህ ማለት ግን ሁሉም ጥፋት ይታለፋል ማለት አይደለም። ሰክሮ ተረኛ የገባን፣ ሳይሰጥ ሰጥቻለሁ ብሎ የፈረመን ሰው መቅጣት ይገባል። ጥሩ ኃላፊ መሳሳትንና ማታለልን ለይታ ታውቃለች፤ ነርሶቿም እንደምታውቅ ያውቃሉ። የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ከዚህ ሊወስዱት የሚገባ ነገር ያለ ይመስለኛል። ለወራት "የወደቀ በሽተኛ የለም፣ የመድኃኒት ስሕተት የለም" እያለ ሪፖርት የሚልክን ዋርድ ከመሸለም በፊት ሄዶ ማየት ይሻላል።

"ችግሩ የነርስ ቁጥር ማነስ ነው፤ ሄድ ነርስ ምን ታድርግ?" የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በ168 ሆስፒታሎች ላይ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት፣ ለአንዲት ነርስ የሚደርሰው የቀዶ ሕክምና በሽተኛ በአንድ በጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ግን እዚያ ላይ ማቆም አይገባም። ያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ግዛቶች የሚገኙ 665 ሆስፒታሎችን ሲያይ፣ ነርስ መጨመር ሁሉንም ሆስፒታል እኩል እንደማይጠቅም አገኘ። የሥራ ሁኔታቸው በጣም ጥሩ በሆኑት ሆስፒታሎች ለአንዲት ነርስ የሚደርሰው በሽተኛ በአንድ ሲቀንስ የሞት ዕድል 9 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል፤ በመካከለኞቹ 4 በመቶ፤ መጥፎ በሆኑት ለውጡ ከምንም አይቆጠርም። የሥራ ሁኔታ የተባለው የተለካው በነርሶች መጠይቅ ነው። ከመለኪያዎቹም አንዱ የቅርብ ኃላፊያቸው ችሎታና ለነርሶቿ የምትሰጠው ድጋፍ ነበር። ከሐኪሞች ጋር ያለው ግንኙነትና ነርሶች በሆስፒታሉ ውሳኔ ያላቸው ድርሻም ይገኙበታል፤ ስለዚህ ሁሉንም ለሄድ ነርሷ መስጠት ማጋነን ይሆናል። ቢሆንም መልእክቱ ለበጀት ሰዎች ቀላል አይደለም። መሪ በሌለው ዋርድ ላይ ነርስ መደርደር ገንዘቡን ያወጣል፤ ሰውየውን ግን ላያድን ይችላል።

አመራር ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የስታፎርድ ታሪክ አለለት። ስታፎርድ በእንግሊዝ መካከለኛው ክፍል የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በሆስፒታሏ የደረሰው ነገር በሁለት ተከታታይ ምርመራዎች ተጣርቷል፤ ሁለቱንም የመሩት ሮበርት ፍራንሲስ የተባሉ የሕግ ባለሙያ ናቸው። በሽተኞች በቆሸሸ አንሶላ ላይ ተኝተው ይውሉ ነበር። ምግብና ውኃ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ተቀምጦ ይመለሳል። የተጠሙ ሕመምተኞች ከአበባ ማስቀመጫ ውኃ እስከ መጠጣት መድረሳቸውን ቤተሰቦች ተናግረዋል። በድንገተኛ ክፍሉ ማን አስቀድሞ ይታይ የሚለውን ሥልጠና የሌላቸው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች የሚወስኑበት ጊዜ ነበር። ይህ የሆነው ድኻ አገር ውስጥ አይደለም። የሆስፒታሉ አመራር ወጪ በመቀነስና ከመንግሥት የተሻለ ደረጃ በማግኘት ተጠምዶ ነበር፤ የነርስ ቁጥርም ተቀንሷል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በድንገተኛ ክፍሉ የነርስ ኃላፊዎች ላይ የታየው ነው። ማንኛውም በሽተኛ በአራት ሰዓት ውስጥ ታይቶ እንዲተኛ ወይም እንዲሄድ የሚል ግብ ከላይ ተሰጥቷል። ግቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ሰው ወንበር ላይ እንዳያድር ታስቦ የወጣ ነው። ክትትሉ ግን ከበሽተኛው ወደ ሰዓቱ ዞረ። ሁለት የክፍሉ ኃላፊ ነርሶች የመውጫ ሰዓት እንዲሳሳት አድርገው በማስመዝገባቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ከሙያ መዝገብ ተሰርዘዋል። በዚያው ክፍል የነበረች አንዲት ነርስ ደግሞ ወደ መቶ የሚጠጋ ጊዜ አቤቱታ አቅርባ ነበር፤ ያገኘችው ማስፈራሪያ ነው። ልብ ይበሉ፤ በዚያ ክፍል ክትትል አልጠፋም፤ እንዲያውም ጥብቅ ነበር። የሚከታተለው ነገር ነው የተሳሳተው።

የመጨረሻው የፍራንሲስ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ሲወጣ 290 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። አንዱ በቀጥታ ስለ ሄድ ነርሶች ነው። የዋርድ ኃላፊ ነርስ ቢሮ ውስጥ ተዘግታ መዋል የለባትም፤ ከድንገተኛ ችግር በቀር እንደ አንድ ተረኛ ተቆጥራ አልጋ ሊሰጣትም አይገባም፤ ሥራዋ ዋርዱን መከታተል ይሁን ይላል። የእያንዳንዱን በሽተኛ እንክብካቤ እንድታውቅ፣ ለሕመምተኛውም ለቤተሰቡም ለሠራተኛውም የምትታይ እንድትሆን ይጠይቃል። ምክሩ ቀላል ይመስላል። የተረኛ ቁጥር በጎደለ ቁጥር ግን መጀመሪያ የምትሳበው እሷ ናት። ከዚያ ለሁለት ነርስ ክፍተት ስትሮጥ ሃያውንም አልጋ የሚያይ ሰው ይጠፋል።

ሥልጣንም ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው በሚሺጋን ግዛት ከመቶ በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሳተፉበት ሥራ የሚታወቀው ወደ ትልልቅ ደም ሥሮች በሚገባ ቱቦ ሳቢያ የሚመጣውን ኢንፌክሽን በእጅጉ በመቀነሱ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ አምስቱ እርምጃዎች ዝርዝር ነው፤ እጅ ታጠብ፣ ቆዳውን አጽዳ እያለ የሚሄደው። ብዙ የማይወራው ሁለት ነገር ነው፤ በየክፍሉ አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ የሥራው መሪ ሆነው ተመደቡ፤ ሐኪሙ እርምጃ ሲዘልል ካየች ነርሷ እንድታስቆመው ተፈቀደላት። ሐኪምን "ይቁሙ" ለማለት ከጀርባ የሚቆም ኃላፊ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ፣ በዕድሜም በማዕረግም መከባበር በጠበቀበት ባህል፣ ይህ ከዝርዝሩ ሁሉ የከበደው ነው።

በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 የሆስፒታሎች ሪፎርም መመሪያ፣ በ2016 ደግሞ የሆስፒታል አገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያ አውጥቷል፤ የነርሲንግ አገልግሎት በእነዚህ ውስጥ የራሱ ምዕራፍና መመዘኛ አለው። ወረቀቱ መጥፎ አይደለም። የሚጎድለው ሰውዋን ማዘጋጀቱ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሄድ ነርስ የምትሆነው ረጅም ዘመን ያገለገለችው ወይም እጇ የተባረከው፣ ካኑላ ለማስገባት ከሕፃን ክንድ ሥር የማታጣው ናት። እጀ ብልህነት ግን የተጣሉ ሁለት ነርሶችን ማስታረቅ፣ ያጠፋን ሰው ሳያዋርዱ ማረም፣ ከመድኃኒት ቤት ኃላፊ ጋር ተከራክሮ ማሸነፍ አያስተምርም። አንድ ቀን ደብዳቤ ይደርሳታል፤ በማግስቱ የአንሶላና የኦክስጅን ሲሊንደር ቆጠራ ተረክባ ትጀምራለች። ከዚያ ወዲያ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ብትመስል አይፈረድባትም፤ አንሶላ ቢጠፋ ከደመወዟ ይቆረጣል፤ በሽተኛው ሳይገላበጥ ቢያድር የሚቆረጥባት የለም።

ጥናቶቹ ምን ያህል ይታመናሉ የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ካናዳውያኑ ካሮል ዎንግና ግሬታ ከሚንግስ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ግምገማ በነርስ አመራርና በሕመምተኞች ውጤት ላይ የተሠሩ 20 ጥናቶችን አሰባስበዋል። ደጋፊ አመራር ከአነስተኛ የመድኃኒት ስሕተት፣ ከአነስተኛ የሆስፒታል ኢንፌክሽን፣ ከአነስተኛ ሞትና ከተሻለ የሕመምተኛ እርካታ ጋር አብሮ ታይቷል። አብሮ መታየት ግን አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ጥሩ ሆስፒታል ጥሩ ኃላፊዎችን ስቦ ይሆናል። ቢሆንም ኃላፊዋ ስትጠይቅ የሚሠራውን፣ ሳትጠይቅ የሚቀረውን በየዋርዱ ያየ ሰው የነገሩ አካሄድ አይጠፋውም።

ሰው እያስታመሙ ሆስፒታል ያሉ ከሆነ፣ በገቡበት ቀን ሄድ ነርሷ ማን እንደሆነች፣ እሁድና ሌሊት ደግሞ ተረኛ ሱፐርቫይዘሩ የት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ርክክብ በሚደረግበት ሰዓት ቢችሉ አልጋው አጠገብ ይገኙ፤ ያልተነገረ ነገር ካለ ለገቢዋ ተረኛ ያስታውሱ። ቅሬታ ካለዎት ወደ ማትሮን ከመሄድዎ በፊት ለሄድ ነርሷ ይንገሩ፤ ሲነግሩም "ነርሶቹ ጨካኞች ናቸው" አይበሉ፤ እሱን ማንም ሊያጣራ አይችልም። "አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ትናንት ማታ በሁለት ሰዓት የታዘዘ መርፌ እስከ አምስት አልተሰጠም" ቢሉ ቻርት ተገልጦ ይታያል። ሰዓቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ አብረው ይናገሩ፤ በስድስት ሰዓት ልዩነት የሚያጋጩ ቻርቶች ብዙ ናቸውና።